መልስ፦ ነፃ ኮሌጅን ማን ይከፍላል?

«ሀብታሞችን ብቻ ቀርጦ የመንግሥት ኮሌጅን ነፃ ማድረግ ያዛልቃል ወይ?» ብለው ለጠየቁት፣ የአሜሪካዋን ማሳቹሴትስ ይመልከቱ። በኖቬምበር 2022 የግዛቲቱ ሕዝብ በድምፁ ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ፣ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሚገኝ ገቢ ላይ ከመደበኛው 5 በመቶ ሌላ 4 በመቶ ግብር ጫነ። ተጨማሪው የሚቆረጠው ከሚሊዮኑ በላይ ካለው ገንዘብ ብቻ ነው፤ ብዙ ተከራካሪ ይህን ይስታል።

«ሀብታሙ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል» የሚል ማስፈራሪያ ነበር። አንዳንዱ ሄዶ ይሆናል። ግብሩ ግን በመጀመሪያው ሙሉ የበጀት ዓመት ከታቀደው 1 ቢሊዮን ዶላር እጥፍ በላይ አስገባ። ለተማሪዎች ሁሉ የሚቀርበው የትምህርት ቤት ምግብና ከ2024 ጀምሮ የመጣው ነፃ የማኅበረሰብ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጅ) የተደገፉት በዚሁ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የባለጸጋ ገቢ ጉልህ ድርሻ ከአክሲዮንና ከንብረት ሽያጭ ስለሚመጣ፣ ገበያው ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል፤ የመምህር ደመወዝ ግን ወሩን ጠብቆ መከፈል አለበት። ስለዚህ ትርፍ በተገኘበት ዓመት ገንዘቡን በቋሚ ቅጥር ላይ ከማፍሰስ ለሕንጻ ጥገናና ለመጠባበቂያ ማዋሉን እመርጣለሁ።

ደግሞ ሌላ ብልጠት አለ። ሕጉ ገንዘቡ ለትምህርትና ለመጓጓዣ ይዋል ይላል፤ ምክር ቤቱ ከመደበኛው በጀት ለትምህርት ይመድብ የነበረውን ቀንሶ በአዲሱ ቢተካውስ? በአንድ ኪስ ገብቶ በሌላው ወጣ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሐሳብ ሲቀርብ እኔ መጀመሪያ የምፈልገው የድሮው በጀት እንዳይነካ የሚያስገድድ አንቀጽ መኖሩን ነው።