ለሰበታዋ እህቴ፦ በኪሮሽ ቀለም የሚቀየረው መስመሩ ሳያልቅ ነው

ሰላም እህቴ። ለእህትሽ ልጅ ክርስትና ነጭና ቀይ መስመር ያለው ብርድ ልብስ በኪሮሽ ጀምረሽ፣ ቀዩ ሲገባ የመጀመሪያው ዐይን (አንዱ የኪሮሽ ስፌት) ግማሹ ነጭ ግማሹ ቀይ እየሆነ መስመሩ እንደተበላሸብሽ፣ ዳር ዳሩም በቋጠሮ እንዳበጠብሽ ጽፈሻል። ሲታጠብ ደግሞ ቀዩ ነጩን እንዳያበላሸው ሰግተሻል። ከኔ በፊት የመለሱልሽ «ፍቺውና ከሥር ጀምሪው» ብለውሻል። አትፍቺው። እስከ ታች አንብቢኝና ከዚያ ትወስኛለሽ።

እኔ ያለሁት ቱሉ ዲምቱ ነው። የሶፋ ልብስ፣ የአልጋ ልብስ፣ የሕፃን ብርድ ልብስ በትዕዛዝ እሠራለሁ፤ የቤት ኪራዬም የልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያም ከዚሁ ነው የሚወጣው። ሰንሰለት እንዴት ይሠራል፣ ደብል ምንድን ነው እያልኩ አላደክምሽም፤ ብርድ ልብስ የጀመረ ሰው ያንን ያውቃል። በቀጥታ ወደ ችግሩ ልግባ።

1ኛ፦ ቀዩን የምታስገቢው የነጩ መስመር ካለቀ በኋላ ሳይሆን፣ የነጩ የመጨረሻ ዐይን ሳያልቅ ነው። ያንቺ ችግር እዚህ ላይ እንደሆነ ፎቶ ሳላይ እምልልሻለሁ። አንድ ዐይን ጨርሰሽ መርፌው ላይ የሚቀረው ቀለበት የጨረስሽው ዐይን አካል አይደለም፤ የሚቀጥለው ዐይን ራስ ነው የሚሆነው። ነጩን እስከ መጨረሻ ጨርሰሽ ቀዩን ብታስገቢ፣ ያ የቀረው ነጭ ቀለበት ቀዩ ላይ ቁጭ ይላል። ግማሽ በግማሽ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ደብል እየሠራሽ ከሆነ (ክር መርፌው ላይ ጠምጥመሽ የምትገቢበትን ማለቴ ነው) የነጩን መስመር የመጨረሻ ዐይን እንደ ወትሮው ጀምሪ። ገብተሽ ክር ስታወጪ መርፌው ላይ ሦስት ቀለበት ይኖራል። በነጩ ሁለቱን አሳልፊ። ሁለት ቀለበት ሲቀርሽ ቁሚ። ነጩን ወደ ጀርባ ልቀቂው፣ ቀዩን መርፌው ላይ አድርጊና በሁለቱም ቀለበቶች ውስጥ ሳቢው። አሁን መርፌው ላይ ያለው ቀለበት ቀይ ነው፤ ከሥሩ ያለው ዐይን ደግሞ ከእግሩ እስከ ራሱ ነጭ ነው። የነጩን ክር ቀስ ብለሽ ጎተት ስታደርጊው የላላው ዐይን ይጠብቃል። ከዚያ ሥራውን አዙረሽ በቀዩ ሰንሰለትሽን ሠርተሽ ቀጥይ። ሲንግል (ክር ሳትጠመጥሚ የምትገቢበት) ከሆነም ያው ነው፤ ገብተሽ ክር አውጥተሽ ሁለት ቀለበት ሲሆንልሽ እዚያው በቀዩ ትዘጊዋለሽ።

ይህን እኛ ሰፈር ላስተማርኳቸው ልጆች በሙሉ መጀመሪያ የማሳየው ነው። አንዷ አሁን ከኔ ትእዛዝ ትካፈላለች፣ የሷን መስመር ከኔ መለየት አይቻልም።

2ኛ፦ ቋጠሮ ተዪ። ቪዲዮ ላይ «የማይታይ ቋጠሮ» እያሉ የሚያሳዩት ለፎቶ ነው የሚያምረው። አክሪሊክ (ሰው ሠራሽ) ክር ያንሸራትታል፤ ቋጠሮው ጠጋ ተደርጎ ከተቆረጠ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ይፈታል። ያልተፈታው ደግሞ ወደ ፊት ወጥቶ የሕፃን ቆዳ ይቆረቁራል። አዲስ ቀለም ስትጀምሪም ስትጨርሺም ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጅራት አስቀሪ። በኋላ ጫፉ ዱልዱም የሆነ፣ ቀዳዳው ሰፊ የስፌት መርፌ ይዘሽ በራሱ ቀለም ውስጥ፣ ነጩን በነጭ ቀዩን በቀይ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ትወስጂውና ትመልሺዋለሽ፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ደግሞ ወደ ሌላ አቅጣጫ። ሦስት ጊዜ የተመላለሰ ክር በራሱ አይወጣም። በላዩ ላይ እየሠሩ መሸፈን ይቻላል የሚሉ አሉ፤ ሲንግል ላይ እሺ፣ ደብል ላይ ግን በክፍተቱ ይታያል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ክሩን አለመቁረጥ ነው። ሁለት መስመር ነጭ፣ ሁለት መስመር ቀይ ካደረግሽ ነጩ በተውሽበት ዳር ይጠብቅሻል፤ ቀዩን ሁለት መስመር ሠርተሽ ስትመለሺ አንስተሽው ትቀጥያለሽ። ክሩ በዳር ወደ ላይ ሲወጣ አታጥብቂው፤ ከጠበቀ ዳሩን ይሰበስበዋል፣ ብርድ ልብሱ አንዱ ጎኑ አጭር ይሆናል። በጣምም አታላዪው፣ የሕፃን ጣት ይገባበታል። ሌላም ጥቅም አለው። ቀለም በተቀየረበት ቦታ በአንዱ ገጽ ላይ የድሮው ቀለም ነጠብጣብ እየሆነ ይታያል። ሁልጊዜ በሁለት ሁለት መስመር ከቀየርሽ ነጠብጣቡ በሙሉ አንድ ገጽ ላይ ይሰበሰባል፤ ያንን ጀርባ ታደርጊዋለሽ። በአንድ ወይም በሦስት መስመር ከቀየርሽ አንዴ ፊት አንዴ ጀርባ እየወጣ ፊትና ኋላ የሌለው ነገር ይሆናል።

አንድ አንድ መስመር ብቻ ካማረሽ ደግሞ ቀለሙን ሦስት አድርጊው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ በያንዳንዱ መስመር ስትቀያይሪ አረንጓዴው ተራው ሲደርስ ክሩ በምትፈልጊው ዳር ሆኖ ይጠብቅሻል። ሞክሪው፣ እኔ ለእንቁጣጣሽ የማደርጋቸውን ሻርፖች አንድም ሳልቆርጥ ነው የምጨርሳቸው።

3ኛ፦ ቀዩ ይለቃል ወይስ አይለቅም? ገንዘብ የሚያስወጣው ይሄ ነው፣ እዚህ ላይ በደንብ አዳምጪኝ።

አያት የምትኖር ደንበኛዬ ለፋሲካ የሚደርስ ነጭ የሶፋ ልብስ፣ ዙሪያውን ቀይ ያለበት፣ አዘዘችኝ። ክሩን መርካቶ ካለ አንድ ሱቅ ነው የገዛሁት። ከቱሉ ዲምቱ በቃሊቲ ዞሮ መርካቶ መድረስ ምን እንደሆነ አንቺም በአየር ጤና በኩል ስትመጪ ታውቂዋለሽ፤ ስለዚህ አንዴ ከሄድኩ አጣርቼ ነው የምገዛው። «ይሄ ጥጥ ቀለም ይለቃል?» ብዬ ባለሱቁን ሁለቴ ጠየቅሁት። «እኔ ጋ የሚለቅ ክር የለም» ብሎ በልጆቹ ማለ። ሥራው አለቀ፣ አስረከብኩ፣ ተመሰገንኩ። በመጀመሪያው እጥበት ነጩ ሮዝ ሆነ።

ልብሱን ይዤ ወደ ባለሱቁ ሄድኩ። እንዳላየኝ ሆኖ ሲዞር ስሙን ጠርቼ አስቆምኩት። «እኔ ክር ነው የምሸጥልሽ፣ አስተጣጠብ አላስተምርም» አለኝ፣ ሱቁ ሙሉ ሰው እየሰማ። ያልተነካውን ጥቅል እንኳ አልመልስም አለ። እኔም እዚያው ቆሜ ከጥቅሉ ጫፍ በጠስኩ፣ አረጠብኩት፣ በነጭ ሶፍት ጠቅልዬ በጣቶቼ መሀል ጨመቅሁት። ሶፍቱን ስገልጠው ቀይ መስመር ታትሞበታል። ለቆሙት ሁሉ አሳየሁ። ብሬን አልመለሰልኝም፤ ቀይ ሊገዙ የመጡ ሁለት ሴቶች ግን ሳይገዙ ወጡ። የሶፋውን ልብስ ከኪሴ ክር ገዝቼ እንደገና ሠርቼ ሰጠኋት። ደንበኛዬ እስከ ዛሬ ከኔ ሌላ ጋ አታሠራም፣ እህቶቿንም አምጥታልኛለች። ሰውየው ያንን አያውቅም።

ለዚህ ነው የማንንም መሐላ የማላምነው። የሠራሽበትን ቀይ ክር አንድ ክንድ ያህል ቁረጪ፤ ለብ ባለ ውሃና በምትጠቀሚበት ሳሙና አርጥቢው፤ በነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለሽ ጨምቀሽ እርጥቡን እንዳለ አሳድሪው። ጠዋት ጨርቁ ነጭ ከሆነ ተረጋግተሽ ሥሪ። ቀላ ካለ ከነጭ አጠገብ አታድርጊው። ኮምጣጤና ጨው ውስጥ ዘፍዝፊው የሚልሽ ይኖራል፤ የተቀለመ ጥጥ በዚያ አይያዝም፣ ጊዜሽን ነው የሚበላው። ክሩ ምን እንደሆነ የሚናገር ወረቀት ከሌለው ትንሽ ቁራጭ በብረት መቆንጠጫ ይዘሽ፣ ውሃ አጠገብሽ አድርገሽ ለኩሺው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድና ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ አክሪሊክ ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ያንቺ አክሪሊክ ከሆነ ስጋትሽ ይቀንሳል፣ ብዙ ጊዜ የሚለቀው ጥጡ ነው። ግን አክሪሊክ ላይ የጋለ ካውያ እንዳታሳርፊ፣ ተልፈስፍሶ ይቀራል፣ አይመለስም።

እጥበቱን በቀዝቃዛ ውሃ፣ ዘፍዝፈሽ ሳትተዪ፤ እርጥቡን አጥፈሽ አታስቀምጪው፣ ዘርግተሽ ጥላ ላይ አድርቂው። ክረምት ላይ ይሄ ይከብዳል አውቃለሁ። እኛ ጋ ሐምሌና ነሐሴ አንድ ብርድ ልብስ እስኪደርቅ ቀናት ይፈጃል፣ ቀዩ በነጩ ላይ እርጥብ እንደሆነ በቆየ ቁጥር ደግሞ የመልቀቅ ዕድሉ ይጨምራል። በፎጣ ጠቅልለሽ ጭመቂው፣ በእጅ አትጠምዝዢው።

ነጩስ? ነጭ ክር ሁሉ አንድ ይመስልሻል። ያንኑ የሶፋ ልብስ በድጋሚ ስሠራ ነጭ ጎደለኝና ለሁለት ጥቅል ብዬ ሌላ ሱቅ ገባሁ። አምፖል ሥር ልክ የኔን ይመስላል። እኔ ግን ከቤት ቁራጭ ይዤ ነበርና ወደ በሩ ወጥቼ ፀሐይ ላይ አስተያየሁት፤ የሱ ቢጫ የመታው ነጭ ነው። ሻጩ ተናደደ፤ «ነጭ ነጭ ነው፣ ምን ታካብጂያለሽ» አለ። አይደለም። ፋብሪካ በአንድ ጊዜ የነከረው ክር አንድ ዓይነት ይሆናል፤ በሌላ ቀን የተነከረው በትንሹም ቢሆን ይለያል። ወረቀቱ ላይ የሎት ቁጥር አለ፣ የሁሉም ጥቅል ቁጥር አንድ መሆኑን አይተሽ ነው የምትገዢው። አንድ ጥቅል ተርፎሽ ቢቀመጥ ይሻላል። አሁን ያለሽ ነጭ የሚበቃሽ ካልመሰለሽ ቶሎ ያንኑ ቁጥር ፈልጊ። ካጣሽ አዲሱን ከድሮው ጎን አታድርጊ፤ ከቀይ መስመር በኋላ አስገቢው ወይም ለጠርዝ አቆዪው፣ መሀል ላይ ቀይ ካለ ዓይን ልዩነቱን አይይዘውም።

እንግዲህ የሠራሽው ላይ እንመለስ። በመስመር ከሆነ የተበላሸው በያንዳንዱ ለውጥ ከዳር ያለው አንድ ዐይን ብቻ ነው። ለዚያ ብለሽ ሙሉውን አትፍቺ። ከአሁን ወዲያ የሚመጣውን በትክክል ቀይሪ፤ ስትጨርሺ ዙሪያውን ሦስት ዙር ሲንግል በነጭ ምቺው። ጠርዙ የዳሩን ብልሽትም፣ ወደ ላይ የወጡትን ክሮችም ሸፍኖ ይይዛቸዋል። ማእዘን ላይ ሦስት ሲንግል በአንድ ቦታ አድርጊ፣ አለበለዚያ ወደ ውስጥ ይጠቀለላል። የቋጠርሻቸውን ጅራታቸው ረጅም ከሆነ ፈትተሽ በመርፌ ሸሽጊያቸው። ጠጋ አድርገሽ የቆረጥሻቸውን ግን ተያቸው፣ ጠርዙ ይሸከማቸዋል። መሀል ላይም የታየ ካለ ቀይ ክር ከጀርባ ይዘሽ በመስመሩ ላይ ከላይ ስሊፕ ስቲች (ክሩን በቀለበቱ ውስጥ እየሳብሽ የምትሠሪው ጠፍጣፋ ዐይን) አስኪጂበት፤ ሆን ተብሎ የተደረገ ጌጥ ይመስላል።

ጊዜሽን ደግሞ አስቢ። ወንድ ከሆነ በ40 ቀኑ፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀኗ ነው ክርስትናው። ወንድ ከሆነ የክር ፈተናውን ዛሬ ማታ አድርጊው፣ ከዚያ በፊት ቀይ መስመር አትጨምሪ።

የፊቱንም የጀርባውንም ፎቶ ላኪልኝ። ከክሩ ጋር የመጣ ወረቀት ካለም የሎት ቁጥሩ የሚታይበት ፎቶ ጨምሪ፤ ያ ነጭ እኔ ጋ ካለው ጋር ከገጠመ የተረፉኝ ጥቅሎች አሉ።