የአሮጌ ትራክተር ባትሪን ያለ አደጋ ቻርጅ ማድረግ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ አሮጌ ትራክተር ባትሪ የሚያሳስባችሁን ጠይቁኝ ብያችሁ ነበር፤ እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። የማወራው ውሃ ስለሚጨመርበት የሊድ አሲድ ባትሪ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቻርጀሩን ከመሰካቴ በፊት ምን ልይ?

ቮልቱን። ከአሮጌዎቹ መካከል በ6 ቮልት የሚሠሩ አሉ። የባትሪውን ሴሎች፣ ማለትም ውሃ የሚጨመርባቸውን ክፍሎች፣ ቁጠር፤ አንዱ ሴል 2 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ ሦስት ከሆኑ 6፣ ስድስት ከሆኑ 12 ቮልት ነው። የቻርጀሩን ማብሪያም በዚያው ላይ አድርግ። 6 ቮልቱን ባትሪ በ12 ብታስረው አሲዱ ይፈላል፣ ሳጥኑም ሊፈነዳ ይችላል። የተሰነጠቀ፣ ያበጠ ወይም ውስጡ በረዶ የሠራ ባትሪ ግን በምንም መልኩ ቻርጅ አይደረግም። ባዶ ባትሪ ደግሞ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ አካባቢ መርጋት ይጀምራል።

ጥያቄ፦ የእኔ ትራክተር ከቦዲው ጋር የታሰረው በፖዘቲቩ ነው። ሰው አሳስቶ አስሮት ይሆን?

ላይሆን ይችላል፣ እህቴ። ለምሳሌ ከ1947 እስከ 1952 እ.ኤ.አ. የተመረተው ፎርድ 8ኤን 6 ቮልት ሲሆን ከቦዲው ጋር የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው። ስለዚህ የገመዱን ቀለም አትመኚ፤ በባትሪው ላይ የተቀረጸውን + እና − እይ። ጠፍቶ ከሆነ ወፈር ያለው ፖል ፖዘቲቭ ነው፤ እሱንም በቴስተር አረጋግጪ። የቻርጀሩ ፖዘቲቭ ምንጊዜም ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ ነው።

የሚለየው የአፈታቱ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የሚፈታው፣ መጨረሻ የሚታሰረውም፣ ፖዘቲቭም ይሁን ኔጌቲቭ፣ ከቦዲው ጋር የተያያዘው ገመድ ነው። ሌላውን ቀድመሽ ስትፈቺ ቁልፉ ብረት ከነካ ሾርት ያደርጋል።

ጥያቄ፦ ባትሪ ሲፈነዳ አይቻለሁ የሚሉ ሰዎች አሉ። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ፣ በተለይ ሊሞላ ሲቃረብ፣ ውሃው ወደ ሃይድሮጂንና ኦክስጅን ይከፋፈላል። ሃይድሮጂን ከአየር ጋር 4 በመቶ ያህል ከተቀላቀለ በትንሽ ብልጭታ ይቀጣጠላል። ከአየር ስለሚቀልም ወደ ላይ ወጥቶ ኮፈኑ ሥር ወይም ጣሪያ ሥር ይጠራቀማል። ሲፈነዳ አሲዱን ፊት ላይ ይረጨዋል።

ብልጭታውን ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ሰውዬው ራሱ ነው፤ ቻርጀሩ እየሠራ መቆንጠጫውን ሲነቅል። ስለዚህ ቻርጀሩ ከሶኬት ተነቅሎ ሳለ መቆንጠጫዎቹን እሰሩ፣ ከዚያ ሰክታችሁ አብሩ። ሲያልቅ በመጀመሪያ አጥፍታችሁ ከሶኬት ንቀሉ፣ ከዚያ መቆንጠጫዎቹን አንሱ። ኮፈኑ ይከፈት፣ ቤት ውስጥ ከሆነ በሩም ይከፈት። የክዳኖቹ መተንፈሻ ቀዳዳ በአቧራ እንዳልተደፈነ እዩ። ሲጋራ አይታሰብም። መነጽርና ጓንት አድርጉ፤ አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ውሃ እያጠባችሁ ወደ ሕክምና ሩጡ።

ጥያቄ፦ በስንት አምፔር?

ከባትሪው አምፔር-ሰዓት (ከመያዝ አቅሙ) አንድ አሥረኛው ይበቃል፤ 80 ከሆነ 8 አምፔር፤ ዝቅ ቢል ደግሞ የተሻለ ነው። ሳጥኑ በእጅ ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ አቁም። መሙላቱን ለማወቅ ጥቂት ሰዓታት አሳርፈህ ለካ፦ 12 ቮልቱ 12.6 አካባቢ፣ 6 ቮልቱ 6.3 አካባቢ ማሳየት አለበት። ሃይድሮሜትር (የአሲዱን እፍጋት የሚለካ መሣሪያ) ካለህ ደግሞ ሴል በሴል ለካ። አምስቱ 1.265 አካባቢ ሆነው አንዱ በጣም ወርዶ ከቀረ ያ ሴል ሞቷል፤ ቻርጅ አይመልሰውም።

ጥያቄ፦ ውሃ ከቻርጅ በፊት ነው በኋላ?

በፊት የሚጨመረው በየሴሉ ውስጥ ያሉትን የሊድ ሰሌዳዎች እስኪሸፍን ብቻ ነው። ፈሳሹ ቻርጅ ሲደረግ ስለሚሰፋ፣ አስቀድመህ ከሞላኸው ይፈሳል። ከቻርጅ በኋላ እስከ ልኩ ሙላው። የባትሪ የተጣራ ውሃ ብቻ፤ አሲድ አትጨምር።

ጥያቄ፦ አውቶማቲኩ ቻርጀር ባትሪውን ጭራሽ አልቀበልም አለ።

ቮልቱ በጣም ስለወረደ ባትሪ መታሰሩን አላወቀም። አሮጌው፣ ባለ ትራንስፎርመሩ ቻርጀር ሊቀበለው ይችላል፤ ነገር ግን እሱ ራሱን ስለማያጠፋ አጠገቡ ሰው ይኑር። ለወራት ባዶውን የከረመ ባትሪ ሰሌዳው በሰልፌት ይጠጥራል፤ ብዙ ጊዜ አዲስ መግዛቱ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ቻርጅ እስኪደረግ ከምጠብቅ በጃምፐር ገመድ ከመኪና ባስነሳውስ?

ሁለቱም 12 ቮልት ከሆኑና ትራክተሩ ኔጌቲቩ ከቦዲ ጋር የታሰረ ከሆነ ይቻላል። የመጨረሻውን መቆንጠጫ ከባትሪው ራቅ ካለ የትራክተሩ ሞተር ብረት ላይ እሰር። ማርሹ ዜሮ፣ ፍሬኑ የተያዘ ይሁን፤ ሞተሩንም ወንበር ላይ ተቀምጠህ በቁልፉ ብቻ አስነሳ። መሬት ቆመው ሞተሪኖውን በካቻቪቴ አገናኝተው የሚያስነሱ አሉ። ብዙ አሮጌ ትራክተር ማርሽ ውስጥ እያለ እንዳይነሳ የሚከለክል ማብሪያ የለውም፤ ያለውም በዚህ መንገድ ይታለፋል። ማርሽ ውስጥ ከነበረ ሞተሩ እንደተነሳ ይንቀሳቀሳል፤ የኋላው ጎማ ፊት የቆመው ደግሞ ያው ሰውዬ ነው።