ካልሲየሙ የመጣው ከወተቱ ሳይሆን ከአጥንቱ ነው

የእናትዎ የጡት ካንሰር ወደ አጥንት ተሠራጭቶ ሆስፒታል ከተኙ፣ ከአልጋም ሳይወርዱ ሦስት ሳምንት እንደሆናቸው፣ የደም ካልሲየማቸውም ከመጠን በላይ ወጥቶ 13.4 ሚሊግራም በዴሲሊትር እንደደረሰ ገልጸው፣ «ወተት ስለሰጠኋቸው ይሆን?» ብለው ጠይቀዋል። በካንሰር ሕሙማን ክፍል በነርስነት ስሠራ ብዙ አስታማሚዎች ይህንኑ ጠይቀውኛል፤ ራስዎን አይውቀሱ።

ትርፉ ካልሲየም በአብዛኛው የሚወጣው ከራሳቸው አጥንት ነው። አንዳንድ ዕጢዎች የደም ካልሲየምን ከፍ የሚያደርገውን የፓራታይሮይድ ሆርሞን የሚመስል ንጥረ ነገር እያመነጩ አጥንቱ ካልሲየም ወደ ደም እንዲለቅ፣ ኩላሊቱም መልሶ እንዲይዘው ያደርጋሉ፤ አጥንት ውስጥ የገባው ካንሰር ደግሞ እዚያው ያለውን አጥንት ያስበላዋል። ክብደት የማይሸከም አጥንት ከሚገነባው የሚፈርሰው ስለሚበልጥ፣ መተኛቱ ነገሩን ያባብሰዋል።

አንድ አባት ሌሊቱን ውኃ ሲጠይቁ አድረው ጆጉን ቢጨርሱም ምላሳቸው ደረቅ ነበር፤ ሽንታቸውም አላቋርጥ አለ። በማግስቱ ልጃቸውን በእህቷ ስም ሲጠሯት፣ እኔም ጭምር ድንዛዜውንና የሆድ ድርቀቱን በሕመም ማስታገሻው በሞርፊኑ አሳበብን። ካልሲየማቸው ሲለካ ግን ከ14 በላይ ሆኖ ተገኘ።

ቁጥሩ ሲነገርዎት አልቡሚን (በደም ውስጥ ካልሲየምን የሚይዝ ፕሮቲን) ታስቦበት እንደሆነ ይጠይቁ። አልቡሚን ከ4 ግራም በዴሲሊትር በታች በወረደበት በእያንዳንዱ 1 ግራም በካልሲየሙ ላይ 0.8 ስለሚጨመር፣ አልቡሚኑ 2 የሆነ ሕመምተኛ ካልሲየሙ 11 ቢነበብም በስሌት 12.6 ይሆናል።

ሕክምናው ብዙ ጊዜ በደም ሥር በሚሰጥ ኖርማል ሳላይን (የጨው ውኃ) ይጀመራል። ካልሲየምን የሚያወርደው መድኃኒት ካልሲቶኒን በሰዓታት ውስጥ ይሠራል፤ ኃይሉ ግን በሁለት ቀን ገደማ ይደክማል። አጥንቱ እንዳይፈርስ የሚያደርገው ዞሌድሮኒክ አሲድ፣ በተለመደው መጠን 4 ሚሊግራም፣ ቀስ ተብሎ ተሰጥቶ ካልሲየሙን ለማውረድ ከ2 እስከ 4 ቀን ስለሚወስድበት፣ እናትዎ በመጀመሪያው ቀን ባይነቁ ተስፋ አይቁረጡ።

ወተቱን በራስዎ አያስቁሙ፤ ምግብ የጠላ ሕመምተኛ የሚቀበለውን መከልከል ጉዳቱ ያመዝናል። ይልቁንስ ቤት ሳሉ የካልሲየም ወይም የቫይታሚን ዲ እንክብል፣ ወይም እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያለ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዱ ከነበረ ለሐኪሙ ይንገሩ። ቀና ማለታቸውና መቀመጣቸው ይጠቅማል፤ ነገር ግን ካንሰር የቦረቦረው አጥንት በቀላሉ ስለሚሰበር፣ ሐኪሙ ሳይፈቅድ ብብታቸውን ይዛችሁ አታንሷቸው። ካንሰሩ እስካልተገታ ድረስ ካልሲየሙ ተመልሶ ሊወጣ ስለሚችል፣ ከሆስፒታል ሲወጡ ደማቸው እንደገና የሚለካበትን ቀን አስጽፈው ይውጡ።