ንብ፣ ሰምና ስድስት ጎን፦ የጅማ አናቢዎች ጥያቄና መልስ

የማር እንጀራ ቤቶች ለምን ስድስት ጎን ሆኑ? ክብ ቢሆኑስ? (ከሂርማታ)

ሰባት የአንድ ብር ሳንቲም ያውጡ። አንዱን መሐል አድርገው በቀሩት ይክበቡት፤ ስድስቱ ልክ ይገጥማሉ፣ ለሌላ ቦታ የለም። በመካከላቸው ግን ክፍተት አለ፤ ያንን ንቧ በሰም ልትደፍነው ነው። ጎናቸውም ማዕዘናቸውም እኩል ሆኖ ያለ ክፍተት የሚጋጠሙ ቅርፆች ሦስት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘንና ስድስት ጎን ብቻ ናቸው። ለእኩል ስፋት የስድስት ጎኑ ግድግዳ ከአራት ማዕዘኑ በ7፣ ከሦስት ማዕዘኑ በ18 በመቶ ገደማ ያጥራል። ከዚህ የሚቆጥብ አከፋፈል እንደሌለ ቶማስ ሄልስ የተባለ የሂሳብ ሊቅ በ1999 እ.ኤ.አ. አረጋግጧል። ንቦች ለአንድ ኪሎ ሰም ከ6 እስከ 8 ኪሎ ማር ይበላሉ ተብሎ ስለሚገመት ቁጠባው ቀላል አይደለም።

ታዲያ ንቧ ማዕዘን ትለካለች? (ከአጋሮ)

አዲስ የተጀመረ እንጀራ ጠጋ ብለው ይዩ፤ ቤቶቹ ክብ መሳይ ናቸው። ንቦቹ ከሁለቱም ወገን ሰሙን በመንጋጋቸው እየፋቁ ሲያሳሱት ግድግዳው ይቀናል፤ ውፍረቱም ወደ 0.07 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ቅርፁን ሰሙን የሚያለሰልሰው ሙቀት ነው ወይስ የንቧ እጅ የሚያወጣው? ሊቃውንቱ ገና ይከራከሩበታል። የሠራተኛ ንቦችና የድንጉላ (የወንድ ንብ) ቤቶች በሚገናኙበት ግን ባለ አምስትና ባለ ሰባት ጎን ቤት ያገኛሉ፤ ንቧ መጠኑ ሲለዋወጥባት እንደምንም ታጋጥመዋለች።

በሽግግር ቀፎዬ (እንጀራው ከላይ ከተደረደሩ አግዳሚ እንጨቶች በሚንጠለጠልበት ቀፎ) እንጀራው እንጨቶቹን አቋርጦ ተሠራ። ምን አጠፋሁ? (ከጌራ)

በአብዛኛው ጥፋቱ የአናጢው ነው። ለእኛ ንብ የአግዳሚው ወርድ 32 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ አናጢ ግን «ትንሽ ይስፋ» ብሎ 36 ያደርገዋል። ንቦቹ በራሳቸው ልክ ስለሚቀጥሉ በየእንጨቱ 4 ሚሊ ሜትር ይንሸራተታሉ። አምስተኛው እንጀራ ላይ ከእንጨቱ መሐል 16 ሚሊ ሜትር ሲርቁ የሁለት እንጨቶች መጋጠሚያ ጋ ደርሰዋል ማለት ይቻላል፤ ከዚያ መሻገር ነው። ስለዚህ፦

እንጨቶቹን በልክ ያስቆርጡ፤ ያለ ክፍተት ይግጠሙ። በእያንዳንዱ መሐል መስመር ላይ 2 ሳንቲ ሜትር የሚወርድ የሰም ቁራጭ በቀለጠ ሰም ያጣብቁ። እንጀራ ወደ መሬት ቀጥ ብሎ ነውና የሚወርደው፣ ቀፎው ወደ ጎን እንዳያዘነብል በግንበኛ ውሃ ልክ ይፈትሹ። የተጣመመውን ገና ለስላሳ ሳለ፣ አመሻሽ ላይ፣ በጭስ አስታግሠው ያቅኑት። ማር ከሞላ በኋላ ከነኩት ይቦጨቃል።

ከውጭ የመጣ ሰም ማተሚያ (የቤቶቹን ቅርፅ በሰም ላይ የሚያትም መሣሪያ) ይሆነኛል? (ከጅማ ከተማ)

ንቦችዎ ራሳቸው በሠሩት የሠራተኛ እንጀራ ላይ አሥር ቤት በማስመሪያ ይለኩ። 48 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ የአውሮፓ ማተሚያ ግን ብዙ ጊዜ 54 ነው። ካልገጠመ አይግዙት።

ሰፈፉን (ማሩ ከወጣ በኋላ የቀረውን የሰም እንጀራ) ልጣለው? (ከጎማ)

ኧረ በፍጹም! በጆንያ ቋጥረው ውሃ ባለበት ድስት ያቅልጡት። ሰም በ62 እና 64 ዲግሪ መካከል ይቀልጣል፤ ስለዚህ መንተክተክ አያስፈልገውም፣ በቀጥታ እሳት ላይ ከሆነ ደግሞ ይቃጠላል። የዛገ ብረት ድስት ያጠቁረዋል።