ደባሏን ያልቆጠረ ጥናት

ባለፈው ሳምንት አንዲት ለልምምድ የተመደበች ተማሪ «እትዬ፣ አጥኚ ሲመጣ የምናውቀውን ሁሉ እንነግረዋለን?» አለችኝ። «አዎ፣ ምን ችግር አለው» ብዬ አሳለፍኳት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ለእሷም ለጓደኞቿም የምጽፈው ለዚህ ነው።

ጊዜው 1998 ዓ.ም. ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መታደል ከጀመረ ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ ልደታ አካባቢ የቤት ለቤት አስታማሚዎችን አስተባብር ነበር። ሰፈሩ ዛሬ የለም፣ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል፤ ያኔ ጎረቤት ሲያስነጥስ ከቤትህ ሆነህ «ይማርህ» የምትልበት ነበር። በደርግ ዘመን የተዘጋው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በፈረንጆቹ 2004 በማስተርስ ዳግም ስለተከፈተ አጥኚው በዝቷል። እኛ ዲግሪ የሌለን «መንገድ መሪ» ነበርን።

አንዱ አጥኚ መጠይቁን ይዞ መጣ። ትሁት ነው፣ ቤት ሲገባ ጫማውን ያወልቃል። ከቀበሌ የተላከ ወጣትም አብሮን ይዞራል። አንዲት የታመመች እናት ጋ ገባን፤ የቀበሌ ቤት፣ አንድ ክፍል። «ከእርስዎ ጋር ማን ይኖራል?» አላት። «እኔና እግዜር» አለች። ከአልጋው ጀርባ ካለው መጋረጃ ሥር የሌላ ሰው ነጠላ ጫማ ይታየኛል። የደባሏ ነው፤ ጉሊት ሽንኩርት የምትሸጥ ልጅ። የቀበሌ ቤት ውስጥ ደባል ማስገባት ቤት ያስነጥቃል፣ የቀበሌው ልጅ ደግሞ እዚያው ቆሟል። ምን ትበል? እኔ ግን ደብተሬ ላይ ጽፌያለሁ፦ «ጠዋትና ማታ መድኃኒቷን የምታስውጣት ደባሏ ናት። ሰዓቱን የሚያውቁት በጎረቤት ሬዲዮ ነው።»

ከወራት በኋላ ውጤቱን ልንሰማ ሆቴል ተጠራን። ሻይ፣ ኬክ፣ አበል። ብዙዎቹ ሕሙማን «ብቻቸውን የሚኖሩ፣ አስታማሚ የሌላቸው» ተባሉ። ሰውዬው ራሱ ወደ እኔ ዞሮ «እህቴ፣ እናንተ ከምታውቁት ጋር የሚጋጭ ነገር አለ?» አለኝ። «የለም» አልኩ። ቂም ነው። ምስጋናው ላይ እንኳ ስማችን አልነበረም፤ «ከፈለገ ራሱ ይድረስበት» ብዬ ነው። ለሰው ግን ምስጢር ጠበቅኩ እያልኩ ኖርኩ።

ብቻቸውን ናቸው የተባሉት በቀበሌ ኮሚቴ ተመዘገቡ፣ ቤታቸውን የሚጎበኝ ሰውም ተመደበላቸው። የኮሚቴውን እግር ያዩ ደባሎች ዕቃቸውን ሸክፈው ወጡ። የሽንኩርቷም ልጅ ሄደች። ጎብኚዋ የምትመጣው በሳምንት ሁለቴ፣ መድኃኒቱ የሚዋጠው በቀን ሁለቴ። ሐምሌ ላይ እድሩ ጥሩንባ አስነፋ።

ጥሩንባ ነፊውን ካነሳሁ አይቀር፣ ማን ማንን እንደሚያስታምም ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰፈሩ ውስጥ አልነበረም። አንድም አጥኚ ጠይቆት አያውቅም።

እናንተ አሁን ታብሌት ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ኮቦ የምትሉት የመጠይቅ መተግበሪያ ካልተሞላ አያሳልፍም፣ ስለዚህ ትሞሉታላችሁ። ፍጥነታችሁ ያስቀናኛል፤ መቀመጥ ግን አትወዱም፣ ቡናው እስኪፈላ እንኳ ስልክ ትነካካላችሁ። አጥኚ የምትሆኑ፣ መጠይቁ ከመባዛቱ በፊት ከእኛ ጋር ቁጭ በሉ። ያ አጥኚ እኔን ቢጠይቀኝ «ማን ይኖራል?» የሚለውን «ማታ በሩን ማን ይዘጋልዎታል?» እናደርገው ነበር፤ የቀበሌውንም ልጅ በሆነ ሰበብ ደጅ አስቀረው ነበር። ፈቃድ ስለመጠየቅ አልነግራችሁም፣ ተምራችሁታል። መስክ ላይ የምትውሉ ደብተራችሁን አትናቁት። የእኔዎቹ ቢሮ ስንቀይር ለቆሎ መጠቅለያ ሄዱ።

ለልጅቷ «አዎ፣ ሁሉን» ማለቴ ግን ልክ አልነበረም። ያን ቀን የቀበሌ ሰዎች በተቀመጡበት አዳራሽ «ደባል አለ» ብል ያቺ እናት ቤቷን ታጣ ነበር። ሻይ ሰዓት ላይ ግን ጠጋ ብዬ፣ ስም ሳልጠራ፣ «ብቻዬን ነኝ ያሉህ ሁሉ ብቻቸውን አይደሉም፤ ለምን እንደዚያ እንዳሉህ ላስረዳህ» ማለት እችል ነበር። አጠገቤ ቆሞ ሻዩን ያማስላል። እኔ ስለ ኬኩ አወራሁት።