አጎትህ ልክ ናቸው፤ የሳተው መቃኛህ ነው

ከኮምቦልቻ የጻፈልኝ ወጣት የክራር መቃኛ ፕሮግራም በፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው) ሠርቷል። የወፍራሙን ክር ድምፅ ሲያነብ የስክሪኑ መርፌ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዴም አንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል፣ ማለትም ንባቡ እጥፍ ይሆናል። ክራር ደርዳሪው አጎቱ «ትዝታዬ ተስተካክሏል» ሲሉት ደግሞ ስክሪኑ ቀይ ያበራል። ጥያቄው በስክሪኑ ላይ ያለውን የመርፌ ሥዕል እንዴት ላርመው የሚል ነው።

ወንድሜ፣ ሥዕሉን ለጊዜው ተወው። እዚህ ደሴ ሱቄ ውስጥ ሬድዮና አምፕሊፋየር ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መርፌ ሲንቀጠቀጥ መጀመሪያ የማየው የሚደርሰውን ነገር ነው። በሰከንድ 44,100 ናሙና (የድምፁን የቅጽበት ልኬት) ትቀዳለህ፤ ድምፅን ወደ ድግግሞሾቹ ለሚበትነው የፉሪየር ስሌት የምትሰጠው ግን 1,024ቱን ብቻ ነው። ሲካፈል 43 ይመጣል፤ ስሌቱ የሚራመደው በ43 ሄርዝ ነው ማለት ነው (ሄርዝ በሰከንድ አንድ ንዝረት ነው)። በ131 ሄርዝ ለሚጮህ ክር የግማሽ ድምፅ (በፒያኖ የሁለት ጎረቤት ቁልፎች) ልዩነት 8 ሄርዝ እንኳ አይሞላም። በበርበሬ ሚዛን ወርቅ እየመዘንህ ነው። ለስሌቱ የምትሰጠውን ናሙና 44,100 ብታደርሰው እርምጃው 1 ሄርዝ ይሆናል፤ ግን ለእያንዳንዱ ንባብ አንድ ሰከንድ መጠበቅ ሊኖርብህ ነው።

እኔ ብሆን ድምፁን ከራሱ ጋር አስተያየዋለሁ። 4,096 ናሙና ያዝ፤ ቅጂውን በአንድ በአንድ ናሙና እያንሸራተትህ ከዋናው ጋር አባዛ፣ ደምር፣ በተደራረቡት ናሙናዎች ብዛት አካፍል። ሞገዱ ራሱን የሚደግምበት ቦታ ላይ ውጤቱ ጎልቶ ይወጣል፤ ለ131 ሄርዝ 337ኛው ናሙና አካባቢ ነው። 44,100ን ለዚያ ቁጥር ስታካፍል ድግግሞሹን አገኘህ። ፍለጋውን ከ73 እስከ 551 ናሙና ገድበው፤ ከ80 እስከ 600 ሄርዝ ይሸፍንልሃል። ቀጭን ክር ላይ ግን የአንድ ናሙና ልዩነት ከባድ ነው፤ 440 ሄርዝ ላይ 17 ሴንት ያህላል (ሴንት ስል ሳንቲም አይደለም፣ የግማሽ ድምፅ አንድ መቶኛ ነው)። ስለዚህ በጫፉና በግራ ቀኙ ባሉት ነጥቦች ላይ ፓራቦላ (ቅስት መስመር) አሳልፍና እውነተኛውን ጫፍ ፈልግ።

ኦክታቭ የሚዘለው የላፕቶፕ ማይክሮፎን ዝቅተኛውን ድምፅ ስለሚያደክመው ነው፤ ሁለተኛው ሃርሞኒክ (የመሠረቱ ድምፅ እጥፍ ድግግሞሽ) ከመሠረቱ በልጦ ይታያል። አዲሱ ዘዴ ደግሞ በተቃራኒው ሊስት ይችላል፤ 220 ሄርዝ በ200ኛው ናሙና እንደተደገመ በ401ኛውም ይደገማልና። ከትልቁ ጫፍ ዘጠኝ አሥረኛ የደረሰውን የመጀመሪያውን ጫፍ ውሰድ። አምስት ንባብ በመጠናቸው ደርድረህ መካከል ላይ ያለውን አሳይ፤ አማካይ ካሰላህ አንዲት ስህተት ሁሉንም ትጎትታለች።

ማንም ክራሩን ሳይነካ መርፌው 100 ሄርዝ ላይ ከቆመ ደግሞ ቻርጀሩን ንቀል። መብራታችን 50 ሄርዝ ነው፤ እጥፉ 100 ሆኖ ይዘምራል። እኔ አንድ ቀን ሙሉ ኮድ ስፈትሽ ውዬ ጥፋቱ ከግድግዳው ሶኬት ተገኝቷል።

አሁን ወደ አጎትህ። ፕሮግራምህ «ላ» የሚባለው ድምፅ 440 ሄርዝ ነው ብሎ ይነሣል፤ ክራር ግን የሚቃኘው ለዘፋኙ ጉሮሮ ነው። አንድ ቁልፍ ጨምር፦ አጎትህ መነሻውን ክር ይንኩት፣ ቁልፉን ይጫኑ፣ ያ ድምፅ ዜሮ ይሁን። ለሌሎቹ ድግግሞሹን ለመነሻው አካፍል፣ በሁለት መሠረት ሎጋሪዝም ውሰድ፣ በ1,200 አባዛ። ውጤቱ በሴንት ነው። ከቅኝቶቹ ሜጀሩ ትዝታ 0፣ 200፣ 400፣ 700፣ 900 ነው፤ አምባሰል 0፣ 100፣ 500፣ 700፣ 800። በጎረቤታችሁ ከተማ ስም የሚጠራው የባቲ ቅኝት በሜጀሩ 0፣ 400፣ 500፣ 700፣ 1,100 ነው። እነዚህ የፒያኖ ቁጥሮች ናቸው። በጆሮ የሚቃኝ ሰው የትዝታን ሦስተኛ ድምፅ ከ400 ወደ 386 ሊያወርደው ይችላል፤ ስክሪኑን ቀይ ያደረገው ያ ሊሆን ይችላል። አረንጓዴውን ክልል ከ5 ወደ 15 ሴንት አስፋው። ከዚያም የሚሻለው አጎትህ በጆሯቸው ቃኝተው ሲጨርሱ አምስቱን ክር መዝግበህ የእርሳቸውን ቅኝት መለኪያ ማድረግ ነው። ዘፋኝ ሲቀየር መነሻውን ክር እንደገና ነክተው ቁልፉን መጫን ብቻ ይበቃቸዋል።