የመኪና ኤሲ ጋዝ ቤት ውስጥ መሙላት ይቻላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው አዳማ ነው፤ የ2006 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ አለኝ። ዓምና በበጋ ጋራዥ ወስጄ የኤሲ ጋዝ አስሞልቼ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ሙቀቱ ገና ሳይበረታ የሚነፍሰው አየር ለብ ያለ ሆኗል። ከመለዋወጫ ሱቅ 340 ግራም የሚይዝ የአር-134ኤ (የኤሲ ጋዝ) ጣሳ ትንሽ ጌጅ ካለው የጎማ ቱቦ ጋር ገዝቻለሁ። ሻጩ ጌጁ አረንጓዴው ላይ ሲደርስ ማቆም ብቻ ነው ብሎኛል። በየዓመቱ ጋራዥ ከምመላለስ ራሴ ብሞላው ምን ችግር አለው?

መልስ፦ በቅድሚያ ዓምና የተሞላው ጋዝ የት እንደገባ መጠየቅ ይኖርብዎታል። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም፤ ኮምፕረሰሩ እየገፋው፣ ከራዲያተሩ ፊት ባለው ማቀዝቀዣ (ኮንደንሰሩ) ላይ ሙቀቱን ጥሎ ፈሳሽ እየሆነ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ባለው ማቀዝቀዣ (ኢቫፖሬተሩ) ውስጥ ደግሞ እንደገና እየተነነ የመኪናውን የውስጥ ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣ፣ በዝግ መስመር የሚመላለስ ጋዝ ስለሆነ፣ ከጎደለ የወጣበት ቦታ አለ ማለት ነው። ከጎማ ቱቦዎቹና ከኮምፕረሰሩ ማሸጊያ ጥቂት በጥቂት እየሾለከ በብዙ ዓመታት መቀነሱ የሚጠበቅ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ አየሩ ለብ እስኪል መጉደሉ ግን መጠገን ያለበት ቀዳዳ መኖሩን ያሳያል።

ለብ ያለ አየር ሁሉ ደግሞ የጋዝ ጉድለት አይደለም። መኪናው ሲሄድ ቀዝቅዞ መብራት ላይ ሲቆም የሚሞቅ ከሆነ፣ ከጋዙ በፊት የኮንደንሰሩን ማራገቢያና በአቧራ የተደፈነውን የኮንደንሰሩን ፊት ይመልከቱ፤ የሚነፍሰው አየር ራሱ ደካማ ከሆነም የውስጥ አየር ማጣሪያውን ያውጡት። ቀዳዳውን ለመፈለግ ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ጋዙ የኮምፕረሰሩን ዘይት ይዞ ስለሚዞር፣ የሚሾልክበት መጋጠሚያ ላይ አቧራ የያዘ የዘይት እድፍ ይታያል፤ ሞተሩን አጥፍተው እዚያ ላይ የሳሙና ውሃ ቢቀቡ፣ ቀዳዳው በጣም ረቂቅ ካልሆነ አረፋ ያወጣል። የመሙያ ቫልቮቹንም ክዳናቸውን ከፍተው በዚሁ መንገድ ይፈትሹ።

ስለ አረንጓዴው ምልክት ሻጩ የነገረዎትን ለመቀበል ያስቸግራል። ጌጁ የሚለካው ግፊትን ነው፤ ግፊቱ ደግሞ ከጋዙ መጠን ይልቅ ሙቀቱን ይከተላል። ሞተሩ በጠፋበት፣ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲሆን አር-134ኤ ወደ 6.7 ባር (የግፊት መለኪያ) ገደማ ያሳያል፤ በመስመሩ ውስጥ ጥቂትም ቢሆን ፈሳሽ እስካለ ድረስ 200 ግራምም ይኑር 500 ግራም ንባቱ አይለወጥም። በዚህም ምክንያት ትክክለኛው መጠን የሚታወቀው በሚዛን ነው። ኮፈኑን ሲከፍቱ የጋዙን ዓይነትና ክብደት በግራም የሚገልጽ ተለጣፊ ጽሑፍ ያገኛሉ፤ በብዙ ትንንሽ የቤት መኪኖች ከ400 እስከ 600 ግራም ነው። ይህ ቁጥር ግን የሚጠቅመው ከባዶ ለሚጀምር ሰው ነው፤ እርስዎ አሁን ስንት እንደቀረ ስለማያውቁ ጣሳውን በሙሉ ቢጨምሩት ከልክ ሊያልፍ ይችላል። ከልክ ያለፈ ጋዝ ቅዝቃዜውን ቀንሶ ኮምፕረሰሩን ያስጨንቃል።

ስለዚህ የእኔ ምክር ቀዳዳውን አስደፍነው፣ የቀረውን ጋዝ በማሽን አስወጥተው፣ መስመሩን በቫኪዩም ፓምፕ አስመጥጠው በግራም እንዲያስሞሉ ነው። አየር ከቀረ እንደ ጋዙ ወደ ፈሳሽነት ስለማይለወጥ ግፊቱን ይጨምራል፤ እርጥበት ከቀረ ደግሞ ከዘይቱ ጋር ተዋህዶ አሲድ ይፈጥራል። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፦ ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ላይ የቫኪዩም ጌጁ ከዜሮ በታች ወደ 1 ባር ሲወርድ፣ አዳማ ላይ ከ0.83፣ አዲስ አበባ ላይ ከ0.77 ባር ገደማ አያልፍም። ይህ የከፍታው ውጤት ስለሆነ መካኒኩን ፓምፕህ ደካማ ነው ብለው አይውቀሱት። ይልቁንስ ፓምፑ ከጠፋ በኋላ መርፌው ለግማሽ ሰዓት ከቦታው አለመነቃነቁን ቆመው ይዩ።

ቀዳዳው ተደፍኖ፣ ጉድለቱም ትንሽ ሆኖ ጣሳውን ለመጠቀም ከቆረጡ፣ ሥራውን ደጅ ላይ፣ መነጽርና ጓንት አድርገው ይሥሩት፤ ፈሳሹ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ የሚፈላ በመሆኑ የነካውን ቆዳ በቅዝቃዜ ያቃጥላል። ሞተሩን አስነስተው ኤሲውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ። ጎማውን የሚያገናኙት ከኢቫፖሬተሩ ወደ ኮምፕረሰሩ በሚመለሰው ወፍራም ቱቦ ላይ ካለው ጠባብ ቫልቭ ጋር ብቻ ነው። በከፍተኛው ግፊት መስመር ላይ ለማገናኘት መታገል ጣሳውን ሊያፈነዳው ይችላል። ጣሳውን ቀጥ አድርገው ይያዙት፤ ከተዘቀዘቀ ፈሳሹ በቀጥታ ወደ ኮምፕረሰሩ ይገባል። የወጥ ቤት ሚዛን ላይ እያስቀመጡ ሃምሳ ሃምሳ ግራም ይጨምሩ፣ በየመካከሉም ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው የሚወጣውን አየር ቅዝቃዜ ይለኩ። ኮምፕረሰሩ ጭራሽ የማይነሳ ከሆነ ግን የግፊት ማብሪያውን በሽቦ አገናኝተው አያስነሡት፤ ጋዝ በሌለበት ዘይትም ስለማይዞር ኮምፕረሰሩ ይነክሳል (ተጣብቆ ይቆማል)። ቀዳዳ ይደፍናል የሚባለውን ፈሳሽ የያዘ ጣሳ ደግሞ በፍጹም አይግዙ፤ የጋራዡን ማሽን ጭምር ያበላሻል።

ጥያቄ፦ የእኔ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። በዚሁ መንገድ መሙላት እችላለሁ?

መልስ፦ አይሞክሩት። የመኪናዎ ኮምፕረሰር በብዙ መቶ ቮልት የሚሠራ ስለሆነ የተለየ፣ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ዘይት ይፈልጋል፤ ዘይት የተቀላቀለበት ተራ ጣሳ ይህን መከላከያ ሊያበላሸው ይችላል። በብዙ ሞዴሎች ባትሪውን የሚያቀዘቅዘውም ይኸው የኤሲ መስመር ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ አር-1234ዋይኤፍ የተባለውን፣ በመጠኑ ተቀጣጣይ የሆነ ጋዝ ይጠቀማሉ። ጋራዥ ሲሄዱም ማሽኑና ጎማዎቹ የሌላ መኪና ዘይት እንዳልያዙ አስቀድመው ይጠይቁ።